የፊውዥን ማሽን ግድግዳ ስንት ተበላ? በመዳብ፣ በባጃጅ ባትሪና በወርቅ ሚዛን የመለካት አሠራር

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ስለ ፊውዥን (ቀላል አተሞችን አዋህዶ ጉልበት ስለማውጣት) ከተማሪዎች ጋር ባወራሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ፕላዝማው እንደዚያ የሚፋጅ ከሆነ ግድግዳው አይበላም ወይ? ከተበላስ በምን ያውቃሉ?» የፊዚክስ መምህራንም ይህንኑ ይጠይቁኛል። እነሱ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩበታል፦ «ተማሪ በእጁ ሠርቶ የሚያየው ነገር የለም?» መልሴ «አለ» ነው። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ግድግዳው ይበላል። ከፕላዝማው፣ ማለትም ማሽኑ ውስጥ ካለው እጅግ የጋለ ጋዝ፣ የሚያመልጡ ፈጣን አየኖች (ኤሌክትሮን ያጡ አተሞች) ግድግዳውን ይመቱና አተሞችን ነቅለው ያስወጣሉ። የተነቀለው አተም ጠፍቶ አይቀርም። እዚያው ማሽን ውስጥ ሄዶ ሌላ ቦታ ይለጠፋል። ስለዚህ የሚለካው ነገር ሁለት ነው፤ መበላትና መለጠፍ። መጠኑ በማይክሮን ነው። 1 ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው።

እኛ ፕላዝማ የለንም። ስለዚህ ሁለት የመዳብ ቁራጮችን ኮፐር ሰልፌት ውስጥ ነክረን ኤሌክትሪክ እናሳልፋለን። አንዱ ይበላል፣ ሌላው ይለበጣል። አተሙ የሚነቀልበት መንገድ ከፊውዥን ማሽኑ ይለያል፤ ይህን ለተማሪዎቻችሁ በግልጽ ንገሯቸው። የአለካኩ ሒሳብ ግን ያው ነው። ሚዛኑ በጠቅላላው ስንት እንደሄደ ይናገራል። የውፍረት መለኪያው፣ ማይክሮሜትሩ፣ ከየት እንደሄደ ይናገራል። አምፔርና ሰዓቱ ደግሞ ስንት እንደተነቀለ ይቆጥራሉ። ሦስቱ እስኪታረቁ ድረስ ውጤት አለኝ አትበሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የመዳብ ዝርግ፣ 3 ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 4 ሳ.ሜ. በ9 ሳ.ሜ.፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ። የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ወይም ቁርጥራጭ ብረት የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ይገኛል። (ከምሰሶ ላይ የወረደ የመሬት መዳብ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ አትግዙት። እሱ እዚያ የተሰቀለው ለመብረቅ ነው።)
- ኮፐር ሰልፌት፣ 100 ግራም። ሰማያዊ ክሪስታል ነው። ከትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ጠይቁ።
- ዲስቲልድ ውሃ፣ 1 ሊትር ተኩል።
- የባጃጅ ወይም የሞተር ሳይክል ባትሪ፣ 12 ቮልት፣ የተሞላ።
- የሞተር ሳይክል የኋላ መብራት አምፖል፣ 12 ቮልት 5 ዋት፣ ከነመያዣው።
- 2 አምፔር ፊውዝ፣ ሽቦ፣ ክሊፖች።
- መልቲሜትር፣ የ10 አምፔር መሰኪያ ያለው።
- 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን። ትምህርት ቤቱ ከሌለው ወርቅ ሠሪ ጋ አለ። ሁለት ጊዜ መመላለስ ስለሚኖር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።
- ማይክሮሜትር መለኪያ፣ 0.01 ሚ.ሜ. የሚያነብ። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የብረታ ብረት ክፍል ውስጥ ጠይቁ።
- የጥፍር ቀለም፣ አሴቶን፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ የላስቲክ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር።
- አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ዕቃ፣ ቢያንስ 7 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው። ከዚህ በኋላ ምግብ አይቀመጥበትም።
- ደብተር፣ ሰዓት።

ባትሪ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣ መብራት መሀል ላይ ሲጠፋ ሰዓቱም አምፔሩም ይምታታል። ደግሞም 220 ቮልት እርጥብ ዕቃ አጠገብ ምንም ሥራ የለውም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

ኮፐር ሰልፌት መርዝ ነው። አይቀመስም፣ ዓይን ውስጥ አይግባ። ጓንትና መነጽር ሳታደርጉ አትንኩት። ሲያዩት ስለሚያምር ትንንሽ ልጆች ሊያነሡት ይችላሉ፤ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ጋራዥ ሄዳችሁ «የባትሪ ውሃ» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። አሲዱን ሊሰጧችሁ ይችላሉ። «ዲስቲልድ» በሉ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውንም አንብቡ።

የባትሪው ሁለት ጫፎች በቀጥታ እንዳይነካኩ። ሽቦ ያቀልጣል፣ ሰው ያቃጥላል። ፊውዙ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ ይሁን። አሴቶን በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ቡና እየተፈላ ባለበት ክፍል አይከፈትም።

አሠራር

1. ቁራጮቹን አጽዱ፣ ስም ስጧቸው። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፣ በሳሙና እጠቡ፣ በዲስቲልድ ውሃ አለቅልቁ፣ በአሴቶን ጥረጉ። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩ። የጣት ቅባት ያለበት ቦታ ላይ መዳብ በደንብ አይለጠፍም። በላይኛው ጫፍ በሚስማር ጭራችሁ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» በሏቸው። «ሀ» የሚበላው ነው። «ለ» የሚለበጠው ነው። «ሐ» ምስክር ነው፤ ፈሳሹ ውስጥ ይገባል፣ ኤሌክትሪክ ግን አያገኘውም።

ምስክሩን ትርፍ ሥራ አድርጋችሁ እንዳትተዉት። መጨረሻ ላይ የ«ሐ» ክብደት ተለውጦ ከተገኘ ጥፋቱ ያለው ከሚዛኑ ወይም ከአስተጣጠባችሁ ነው። የ«ሀ»ንና የ«ለ»ን ቁጥር ማመን የምትችሉት «ሐ» ዝም ካለ ብቻ ነው። በፊውዥን ላብራቶሪም ማሽን ውስጥ ያልገቡ ቁራጮች ለማነጻጸሪያ ይቀመጣሉ።

2. መዝኑ። እያንዳንዱን ቁራጭ 5 ጊዜ መዝኑ። በየመሐሉ አንሡና መልሳችሁ አስቀምጡ። አማካዩን ጻፉ። የምትፈልጉት ልዩነት ከ1 ግራም በታች ነው፣ ቁራጩ ግን 16 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ሚዛን፣ ነገ በሌላ ሚዛን አይሆንም። መስኮት ዝጉ። ነፋስ የመጨረሻዋን አሃዝ ያስጨፍራታል።

3. ውፍረት ለኩ። ከታች 1 ሳ.ሜ. ትታችሁ፣ ከዚያ በላይ ባለው 5 ሳ.ሜ. ቁመት ላይ 9 ነጥቦች ምረጡ፤ 3 ከግራ፣ 3 ከመሀል፣ 3 ከቀኝ። በታችኛው 1 ሳ.ሜ. ላይ ደግሞ 3 ነጥቦች። ነጥቦቹን ደብተር ላይ ሥሉ። በኋላ እዚያው ነጥብ ላይ ካልተመለሳችሁ የምትለኩት የዝርጉን የራሱን መዛባት ነው። የማይክሮሜትሩን ብሎን በኃይል አታጥብቁ፤ ጫፉ ላይ ያለችውን የምትንሸራተት እጀታ ተጠቀሙ።

4. በጥፍር ቀለም ሸፍኑ። የጀርባውን ገጽ በሙሉ፣ ጠርዞቹን፣ ከፊት የታችኛውን 1 ሳ.ሜ.፣ ከዚያም ከ5 ሳ.ሜ. ክፍት ቦታ በላይ ያለውን 1 ሳ.ሜ. ቀቡ። ላይ የቀረው 2 ሳ.ሜ. ለክሊፕ ነው፤ የፊቱም የጀርባውም ባዶ ይሁን። ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ በደንብ ይድረቅ። «ሐ»ንም እንዲሁ ቀቡ። አሁን በእያንዳንዱ ቁራጭ ፊት ላይ 4 በ5፣ ማለትም 20 ስኩዌር ሳ.ሜ. መስኮት አለ። ስፋቱን በማስመሪያ አረጋግጡ። ስፋቱ ላይ 10 በመቶ ከተሳሳታችሁ የመጨረሻው ውፍረትም 10 በመቶ ይሳሳታል።

በቀለም የተሸፈነው የታችኛው ክፍል የሥራው ቁልፍ ነው። መዳቡ እዚያ ቦታ አይበላም፣ አይለበጥምም። በኋላ ቀለሙን ስታነሡ አጠገብ ለአጠገብ ድሮና ዛሬን ታያላችሁ።

ማሽኑ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው የጥፍር ቀለም አይደለም፤ ከላይኛው ገጽ ሥር የተቀበረ ሌላ ብረት ነው። እንግሊዝ አገር ኩልሃም ያለው ጄት የተባለው ቶካማክ (ፕላዝማን በማግኔት የሚይዝ የፊውዥን ማሽን) ከ2011 ጀምሮ ዋናው ግድግዳው ቤሪሊየም፣ ታችኛው ክፍሉ ማለትም ዳይቨርተሩ ተንግስተን ነበር። ከቤሪሊየም ጡቦቹ አንዳንዶቹ ከላይ ጥቂት ማይክሮን ቤሪሊየም፣ ከሥሩ ስስ ኒኬል ተደርጎላቸው ገቡ። ጡቡ ሲወጣ በአየን ጨረር ይመረመራል። ኒኬሉ ወደ ላይ ቀርቦ ከተገኘ ከላዩ ተበልቷል። ርቆ ከተገኘ ተለጥፎበታል። ኒኬሉ ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ መበላቱ ከምልክቱ አልፏል፤ «ቢያንስ ይህን ያህል» ከማለት በቀር ቁጥር መስጠት አይቻልም።

5. ፈሳሹን አዘጋጁ። 100 ግራም ኮፐር ሰልፌት በግማሽ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ አሟሙ። ደብረ ማርቆስና ከዚያ ወዲያ ባለው ደጋ ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ቶሎ አይሟሟም። ለብ አድርጉት፣ ሲሟሟ ይቀዝቅዝ። የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ። በውስጡ ያለው ማዕድን ዝቃጭ ይሠራል፣ ዝቃጩ መዳቡ ላይ ይለጠፍና ሒሳቡን ያበላሻል።

6. ግጠሙ። ሁሉም በአንድ መስመር ተራ በተራ ይያያዛል፦ የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ፣ ፊውዝ፣ አምፖል፣ መልቲሜትር፣ «ሀ»፣ ፈሳሹ፣ «ለ»፣ የባትሪው አሉታዊ ጫፍ። «ሀ» እና «ለ» መስኮቶቻቸው ፊት ለፊት ይተያዩ፣ በመካከላቸው 4 ሳ.ሜ. ያህል ይኑር፣ ትይዩ ሆነው ቀጥ ብለው ይቁሙ። «ሐ» ከእነሱ ጀርባ ወይም ዕቃው ጥግ ላይ ይቁም። የፈሳሹ ጠርዝ በላይኛው ቀለም ቦታ ላይ ይዋል። ክሊፑ ፈሳሹን ከነካ ክሊፑም ይበላል።

አምፖሉ ለጌጥ አይደለም። ባይኖር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከመጠን በላይ ይሆንና «ለ» ላይ ጥቁር ዱቄት ይከመራል። 5 ዋት አምፖል 0.4 አምፔር አካባቢ ይዞ ያቆየዋል።

7. አስነሡ፣ መዝግቡ። ሰዓቱን ያዙና የመጨረሻውን ሽቦ አገናኙ። በየ5 ደቂቃው አምፔሩን ጻፉ። በየ10 ደቂቃው ፈሳሹን በፕላስቲክ ማንኪያ ቀስ አድርጋችሁ አማስሉ፤ መዳቦቹን አትንኩ። 90 ደቂቃ ይሥራ።

አንዴ አንብባችሁ «0.4 ነው» ብላችሁ አትተዉት። ባትሪው ሲደክም፣ ክሊፑ ሲላላ አምፔሩ ይወርዳል። የ90 ደቂቃው አማካይ ነው የሚፈለገው።

8. አውጡ፣ እጠቡ፣ አድርቁ። ከስሕተት ሁሉ አብዛኛው የሚሠራው እዚህ ነው። አትቸኩሉ።

ሽቦውን ንቀሉ። «ሀ»ን ዲስቲልድ ውሃ ባለበት ንጹሕ ብርጭቆ ላይ ያዙና ቀስ ብላችሁ አለቅልቁ። ላዩ ላይ ቡናማ ጭቃ የመሰለ ነገር ካለ እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ይውረድ፣ አትድፉት። «ለ»ን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አውጡ፣ ደግማችሁ ነክሩ። በጨርቅ አትሹት! አዲሱ መዳብ ልል ነው፣ ይረግፋል። «ሐ»ንም ልክ እንደ «ለ» አድርጉት።

ከዚያ የጥፍር ቀለሙን በአሴቶን አንሡ። ሙሉ በሙሉ። ጠርዝ ላይ የቀረች ትንሽ ቀለም እንኳ ሚዛኑን ታታልላለች። ጥላ ውስጥ አድርቁ። ክረምት ከሆነ ጊዜ ስጡት፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ከሰል ላይ አታድርቁ፤ መዳብ ሲሞቅ ይጠቁራል፣ የጠቆረው ደግሞ ኦክሲጅን ጨምሮ ነው። አሴቶን ሲተንም ቁራጩን ስለሚያቀዘቅዘው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ 20 ደቂቃ ያህል ጠብቁ።

9. እንደገና መዝኑ፣ እንደገና ለኩ። በዚያው ሚዛን፣ በዚያው ማይክሮሜትር፣ በነዚያው ነጥቦች፣ 5 ጊዜ። መጀመሪያ «ሐ»ን መዝኑ። ክብደቱ ከ0.01 ግራም በላይ ከተለወጠ አቁሙና ምክንያቱን ፈልጉ። ጨው ቀርቶበት ይሆናል፤ እንደገና አለቅልቁ።

10. አስሉ። 1 አምፔር ለ1 ሰዓት ሲፈስ 1.186 ግራም መዳብ ያነሣል። እያንዳንዱ የመዳብ አየን ሁለት ቻርጅ ስለሚሸከም ነው። አማካዩ 0.4 አምፔር ከሆነ፦

0.4 × 1.5 ሰዓት = 0.6 አምፔር ሰዓት
0.6 × 1.186 = 0.71 ግራም

«ሀ» ይህን ያህል መቀነስ አለበት፣ «ለ» ይህን ያህል መጨመር አለበት። ወደ ውፍረት ለመለወጥ ክብደቱን ለመዳብ እፍጋት (8.96 ግራም በኪዩቢክ ሳ.ሜ.) እና ለስፋቱ አካፍሉ፦

0.71 ÷ (8.96 × 20) = 0.004 ሳ.ሜ. ገደማ፣ ማለትም 40 ማይክሮን

አሁን ማይክሮሜትሩ ያላችሁን እዩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልዩነት በአማካይ ወደ 40 ማይክሮን መጠጋት አለበት። በቀለም ተሸፍኖ የነበረው የታችኛው ክፍል ላይ ደግሞ ልዩነቱ ዜሮ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይደናገጣሉ። «አንዱ ነጥብ 30፣ ሌላው 60 ማይክሮን አሳየኝ፣ ተበላሸ» ይላሉ። አልተበላሸም። ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማይክሮሜትሩ የሚያነበው ትንሹ መጠን 10 ማይክሮን ነው። የምትለኩት 40 ከሆነ አንድ ንባብ በሩብ ያህል ሊሳሳት ይችላል። ዘጠኝ ነጥብ ያስለካኋችሁም ለዚህ ነው። ሚዛኑ በአንጻሩ ከ0.71 ግራም የሚሳሳተው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ እውነትም አለ። ኤሌክትሪኩ ወደ ጠርዝ ስለሚበዛ «ለ» ጠርዙ ላይ ይወፍራል።

እንግዲያው ማይክሮሜትሩን ለምን አንተወውም? ሚዛን ብቻውን የሚዋሽበት ቦታ ስላለ ነው። አንድ የግድግዳ ጡብ ግማሹ 10 ማይክሮን ቢበላና የተነቀለው ሁሉ ሌላኛው ግማሽ ላይ ቢለጠፍ፣ ሚዛኑ «ምንም አልሆነም» ይላል። ማሽን ውስጥ ይህ በየጊዜው ያጋጥማል። ጄት ላይ ዋናው ክፍል ውስጥ የተበላው ቤሪሊየም ተጉዞ በብዛት የተገኘው በውስጠኛው ዳይቨርተር አናት ላይ ነው። ስለዚህ ጡቦቹ በሮቦት ክንድ ወጥተው ሲመጡ መመዘን ብቻ አይበቃም፤ የገጻቸው ከፍታና ዝቅታም ነጥብ በነጥብ ይነበባል።

ደግሞ እፍጋቱን ካላወቃችሁ ክብደት ወደ ውፍረት አይለወጥም። 100 ስኩዌር ሳ.ሜ. ላይ 10 ማይክሮን ቤሪሊየም ቢነሣ የሚጎድለው 0.185 ግራም ነው። ተንግስተን ቢሆን 1.93 ግራም። ጥልቀቱ አንድ፣ ክብደቱ ከ10 እጥፍ በላይ ይለያያል። የተለጠፈው ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድብልቅ ነው፤ ብረቱ፣ ኦክሲጅን፣ ከማሽኑ ነዳጅ የተያዘ ዲውተሪየም (ከባድ ሃይድሮጅን)። እንደ መጀመሪያው ጠጣር አይደለም፣ ቀዳዳ ይበዛዋል። በእናንተም «ለ» ላይ ማይክሮሜትሩ ከሚዛኑ ስሌት ትንሽ ከፍ ያለ ውፍረት ቢያሳይ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

11. የገቢና ወጪ መዝገብ ሥሩ። በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ቁጥር ጻፉ፤ «ሀ» የቀነሰው፣ «ለ» የጨመረው፣ ከአምፔር ሰዓት የተሰላው። የ«ለ» ቁጥር ወደ ስሌቱ በደንብ ይጠጋል። «ሀ» ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ይበልጣል። ትርፉ የት ሄደ? ያን የቡናማ ጭቃ ብርጭቆ አምጡ። ቀድማችሁ በመዘናችሁት ማጥለያ ወረቀት አጥልሉ፣ አድርቁ፣ መዝኑ። ዕቃው ሥር የረገፈ ካለም ጨምሩ።

ማሽን ውስጥ ይህ የረገፈ ነገር አቧራ ይባላል፣ ቀልድ አይደለም። ደቡብ ፈረንሳይ እየተገነባ ባለው ኢተር በተባለው የፊውዥን ማሽን ውስጥ የሚጠራቀመው አቧራ ከ1,000 ኪሎግራም፣ ውስጥ የሚቀረው ትሪቲየም ደግሞ ከ1 ኪሎግራም እንዳይበልጥ ገደብ ተቀምጧል። ትሪቲየም ለነዳጅ የሚሆን ራዲዮአክቲቭ የሃይድሮጅን ዓይነት ነው፤ በ12.3 ዓመት ግማሹ ይጠፋል። ከሚለጠፈው ብረት ጋር አብሮ ስለሚቀበር፣ የተለጠፈውን ያልለካ ሰው ነዳጁ የት እንደገባ አያውቅም። መዝገቡ የሚዘጋው ለዚህ ነው።

12. ሁለተኛ ዙር፦ አገላብጡ። ጊዜ ካላችሁ ይህን አትለፉት። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ቁራጮቹን እንደገና አጽዱ፣ መዝኑ፣ ቀቡ። «ሀ»ን በአዎንታዊው በኩል አድርጋችሁ ለ60 ደቂቃ አሠሩ። ከዚያ የባትሪውን ሽቦዎች አገላብጣችሁ ለ30 ደቂቃ አሠሩ። አውጡ፣ መዝኑ።

አምፔሩ 0.4 ከሆነ «ሀ» በመጀመሪያው ሰዓት 0.47 ግራም ተበልቷል። በሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት 0.24 ግራም ያህል ተመልሶለታል። ሚዛኑ የሚነግራችሁ ግን ጉድለቱን ብቻ ነው፤ 0.24 ግራም። ጠዋት 1,000 ብር ይዞ ገበያ የወጣ ነጋዴ ማታ ኪሱ ውስጥ 900 ብር ቢገኝ፣ ቀኑን ሙሉ ያወጣው 100 ብር ብቻ ነው ማለት አይደለም። ጠቅላላ መበላትና የተጣራ መበላት የሚለያዩት እንዲህ ነው።

ተንግስተን ላይ ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው። ከዳይቨርተሩ የተነቀለ የተንግስተን አተም ብዙ ሳይርቅ ኤሌክትሮን ያጣና ማግኔቱ ጠምዝዞ እዚያው አጠገብ ይመልሰዋል። አብዛኛው እንዲህ ይመለሳል። ስለዚህ ጡቡን አውጥቶ መመዘን የተጣራውን ብቻ ያሳያል። ጠቅላላውን ለማወቅ ማሽኑ እየሠራ እያለ ብርሃን ይታያል። የተነቀለው አተም ፕላዝማው ውስጥ ሲገባ የራሱን ቀለም ያበራል። የብርሃኑ መጠን ተለክቶ በሚታወቅ ቁጥር ሲባዛ በሴኮንድ ስንት አተም እንደወጣ ይሰላል። በእኛ ሙከራ ላይ የዚያን ብርሃን ሥራ የሠራው የአምፔር መዝገባችሁ ነው።

«ታዲያ ተንግስተን ከተበላ ለምን ተመረጠ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። ዲውተሪየም ተንግስተንን ለመንቀል 220 ኤሌክትሮን ቮልት (የአተም ቅንጣቶች ጉልበት መለኪያ) አካባቢ ጉልበት ያስፈልገዋል። ለቤሪሊየም 10 አካባቢ ይበቃዋል። የተንግስተን መቅለጫ ደግሞ 3,422 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

*የጥፍር ቀለም ሳይነሣ መመዘን።* «ሀ» ተበልቶ ሳለ ክብደት ጨመረ ይላል። መጀመሪያ ሲመዘን ቀለም አልነበረም፣ በመጨረሻም መኖር የለበትም።

*መዳብ ያልሆነ መዳብ።* ነሐስ ወይም በላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ብረት ሲያጋጥም ሒሳቡ አይገጥምም። ማግኔት አስጠጉ፤ ከያዘው መዳብ አይደለም። በፋይል ፈትጉት፤ ውስጡ ቢጫ ከሆነ ነሐስ ነው።

*መልቲሜትሩን በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ መሰካት።* አምፔር ሲለካ መልቲሜትሩ ከመስመሩ መሀል ይገባል። በሁለቱ ጫፎች ላይ ከሰካችሁት የራሱ ፊውዝ ወይም መልቲሜትሩ ራሱ ይቃጠላል።

*«ለ» ላይ ጥቁር ወይም ቅርንጫፍ ያለው መዳብ።* አምፔሩ በዝቷል ወይም ፈሳሹ ሳይማሰል ቆይቷል። ያን ቁጥር አትጠቀሙ፤ ስታለቀልቁ ይረግፋል።

*ሁለቱን ቁራጮች ማምታታት።* ታጥበው ሲደርቁ ይመሳሰላሉ። ፊደሉን ጠለቅ አድርጋችሁ ጭሩ፣ ከፈሳሹ በላይ በሚቀረው ጫፍ ላይ።

*አራት አሃዝ ከነጥብ በኋላ መጻፍ።* ካልኩሌተሩ 39.6205 ስላለ 39.6205 ማይክሮን አልለካችሁም። «40 ማይክሮን፣ አንድ ሁለት ማይክሮን ሲቀነስ ሲደመር» በሉ። ለማይክሮሜትሩ ደግሞ ከዘጠኙ ነጥቦች ትንሹንና ትልቁን አብራችሁ ጻፉ።

13. ፈሳሹን አስቀምጡ። አንዱ ሲበላ ሌላው ስለሚለበጥ ፈሳሹ ውስጥ ያለው መዳብ አያልቅም። አጥልሉና በጠርሙስ መልሱት፤ ለሚቀጥለው ክፍል ተማሪዎች ይሆናል። የሃይላንድ ጠርሙስ ከሆነ ሰው ውሃ መስሎት እንዳይጠጣው ወረቀቱን ልጣችሁ አንሡ፣ በትልቁ «መርዝ፣ ኮፐር ሰልፌት» ብላችሁ ጻፉ፣ ቁልፍ ያለበት ቁም ሣጥን ውስጥ አኑሩ። ጣናም ሆነ አባይ አጠገብ ያላችሁ፣ ወንዝ ዳርም ያላችሁ፣ ወደ ቦይ እንዳትደፉት። ጥቂት መዳብ እንኳ ዓሣ ይገድላል። የማለቅለቂያውንም ውሃ ለብቻ ሰብስቡ፣ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ላይ ይትነን፣ የቀረውን ሰማያዊ ጨው ወደ ጠርሙሱ መልሱ።